ግማሽ አይመዘገብም

ዘመኑ ወረታ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ትውልዱ ሞጣ ነው። በዝውውር መጥቶ፣ ለሁለት ዓመት ያለው አሥር ዓመት ሆኖበት የቀረ ሰው ነው። ቀጠን ያለ፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ገና ያላገባ። መንገድ ላይ ሲሄድ እንኳ ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ሊያወጣ የጎነበሰ ይመስላል። በቢሮው ውስጥ ግን የሚስተካከለው አልነበረም። የ1987 ዓ.ም. ደብዳቤ ቢጠየቅ መብራት ጠፍቶም ቢሆን በዳበሳ ሄዶ ያወጣል።

መመዝገብ ሥራው ብቻ አልነበረም፤ አመሉም ነበር። ዝናብ የጣለበትን ቀን፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓት፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ የጮኸበትን ጊዜ ሁሉ በደብተር ይጽፋል። ለምን እንደሚጽፍ ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ «ቢፈለግስ?» ይላል። በአሥር ዓመት ውስጥ የፈለገ ሰው አልተገኘም።

በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወገቡን ያዘው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢመረመር የጤና መኮንኑ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «መድኃኒትህ መንቀሳቀስ ነው» አለው።

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«እንጃ፤ ብቻ ተንቀሳቀስ።»

«እንጃ» የሚለው መልስ ዘመኑን ከወገቡ ይልቅ አመመው።

በዚያው ሰሞን ማረው የሚባል ከሠራዊት የተመለሰ ጎበዝ፣ ከመንገዱ መገንጠያ ጀርባ አንድ የሩዝ መጋዘን ተከራይቶ ስፖርት ቤት ከፍቶ ነበር። የወረታ ሰው «ብረት ቤት» ይለዋል። ብረት የሚሉት ግን አብዛኛው ሲሚንቶ ነው። ማረው በዘይት ቆርቆሮ ሲሚንቶ እየሞላ፣ ከቧንቧ ጫፍና ጫፍ እየሰካ ያዘጋጀው ነው። በየቆርቆሮው ላይ በቀይ ቀለም «10»፣ «20» ብሎ ጽፎበታል። ከወለሉ ስንጥቅ የሩዝ ገለባ መውጣቱን ስላላቆመ፣ በደረቱ ተኝቶ ፑሽ አፕ የሠራ ሰው አፍንጫው ላይ ገለባ ለጥፎ ይነሳል።

ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ገብቶ የወጣ ዕለት፣ ስንት ጊዜ ምን እንዳነሳ በወረቀት ጻፈ። ወረቀቱ በላብ ራሰና ጠፋ። በማግስቱ በቢሮ ያገኛት ማህደር ናት። ማህደር ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች የኮምፒውተር ባለሙያ ስትሆን፣ «በመዝገብ ቤት ካሉት አራት ሺህ ማህደሮች የምትናገረው እሷ ብቻ ናት» እያለ ይቀልድባታል። ነገሩን ሲነግራት ሳቀች።

«በወረቀት ምን አደከመህ? በስልክህ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ሠሪዎቹ ለዓለሙ ሁሉ በነፃ የለቀቁት ነው። ኔትወርክም አይፈልግ፣ ክፍያም የለው። ደግሞ እንደ ፈለግህ ታስተካክለዋለህ።»

«እንደ ፈለግሁ ማለት?»

«ያልነበረ የስፖርት ዓይነት ትጨምራለህ፤ ስም ታወጣለታለህ። ድምፁን ትመርጣለህ፤ ዙሩን፣ ዕረፍቱን ራስህ ትወስናለህ።»

ዘመኑ ባለ ንክኪ ስልኩን ሰጣት። በብሉቱዝ ላከችለት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ።

ብረት ቤት ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ የሚያነሳው ለአሥር ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ፕሮግራሙ ውስጥ የመደመር ምልክት ያለባት አንዲት ትንሽ ቦታ አለች፤ እሷን ሲነኩ አዲስ የስፖርት ዓይነት ይከፈታል። ዘመኑ ይህችን ቦታ እንደ ልጅ ወደዳት። «ደረጃ መውጣት» ብሎ ከፈተ። «ፋይል ማውረድ፣ ከባድ»፣ «ፋይል ማውረድ፣ ቀላል»፣ «ባጃጅ ለመያዝ መሮጥ»፣ «ከወንበር መነሳት» ብሎ ጨመረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የስፖርቱ ዓይነት ስልሳ ሦስት ደረሰ።

«ጋሸ ዘመኑ» ይለዋል ማረው፣ «ብረቱ እዚህ ነው ያለ።»

«መጣሁ፤ ይህችን ልዝጋት።»

ፕሮግራሙ አንድ ሰው የራሱን ክብረ ወሰን ባሻሻለ ቁጥር ድምፅ ያሰማል። ድምፁን ዘመኑ ራሱ የመረጠው ሲሆን የአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ጭብጨባ ነው። ችግሩ የመጣው በኅዳር ግምገማ ላይ ነው። ግምገማው ከጧት ጀምሮ የቆየ ነበርና ሰው ሁሉ ደክሟል። የዘመኑ ተራ ደረሰና ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠራ። ብድግ አለ። እንደ ልማዱም እጁን ኪሱ ከትቶ «ከወንበር መነሳት» የሚለውን በዳበሳ ነካ። ለካ በዚያ ቀን ሃያኛው መነሳቱ ኖሯል፤ አዲስ ክብረ ወሰን! ከኪሱ ውስጥ ጭብጨባው አስተጋባ።

ከፊት የተቀመጡት ከኋላ ሰው ያጨበጨበ መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። ከኋላ የተቀመጡት ፊተኞቹን ተከተሉ። ሰብሳቢው አንገቱን ቀና አድርጎ አዳራሹን ቃኘና፣ ብቻውን የቀረ እንዳይመስል እሱም አጨበጨበ። ዘመኑ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመለሰና ተቀመጠ። በቃለ ጉባኤው ላይ «የአቶ ዘመኑ ግለ ሂስ በከፍተኛ ጭብጨባ ጸድቋል» ተብሎ ተጻፈ። ቃለ ጉባኤውን መዝገብ ቤት ያስገባው ራሱ ዘመኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ዝናው ወደ ብረት ቤቱ ወጣቶች ዘለቀ። የእነሱም ጉልበት በስልክ እንዲመዘገብ ፈለጉ። ዘመኑ ለእያንዳንዳቸው ገጽ ከፈተ። መዝጋቢነቱ ግን ቀላል አልነበረም። ክንዱን ሙሉ ለሙሉ ሳይዘረጋ ያነሳ ሰው ካለ ጣቱን ከስልኩ ላይ ያነሳና ራሱን ይነቀንቃል።

«ምነዋ ጋሸ? ስምንት አደረስሁ እኮ!»

«አምስት ሙሉ፣ ሦስት ግማሽ። ግማሽ አይመዘገብም።»

እነዚያ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ጎረምሶች ቀጭኑን የመዝገብ ቤት ሰው መፍራት ጀመሩ። ማረው ከሠራዊት ቤት ያመጣው ጩኸት ያላስተካከለውን፣ የዘመኑ ዝም ብሎ ራስ መነቅነቅ አስተካከለው።

አንድ ነገር ግን ዘመኑን እንቅልፍ ነሳው። ቆርቆሮው ላይ «20» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሃያ ኪሎ ነው ብሎ መመዝገብ ትክክል ነው ወይ? ማን መዘነው? ማረውን ሲጠይቀው «በግምት ነው» አለ። ዘመኑ «20» የተባሉትን ሁለት ቆርቆሮዎች ከቧንቧው አውልቆ አንድ በአንድ እያንከባለለ ከብረት ቤቱ ግድግዳ ጋር ወደ ተያያዘው የሩዝ መፈልፈያ ይዟቸው ሄደ፤ እዚያ ሚዛን አለ።

ሚዛኑ አጠገብ የቆመችው ታይቱ ናት። ታይቱ የፎገራ ገበሬ ልጅ ስትሆን፣ መፈልፈያው ላይ ሩዝ የምትቀበል፣ የምትመዝንና ወደ ማሽኑ አፍ የምትገለብጥ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሆናት ሴት ነች። ሃምሳ ኪሎ ጆንያ ስታነሳ የጨው ከረጢት ያነሳች ይመስላል። ዘመኑ ላቡን እየጠረገ ቆርቆሮውን ሲያንከባልል አየችው።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ሃያ ኪሎ ነው ይላል። ላስመዝነው ነው።»

«ሃያ ካለማ ምን ያስመዝነዋል?»

«ማን እንዳለ አላውቅማ።»

ታይቱ ሳቀች። ቆርቆሮውን በአንድ እጇ አንስታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሃያ ሦስት። ሁለተኛውን አስቀመጠች። አሥራ ሰባት። የብረት ቤቱ ጎረምሶች ሁሉ ቀኝ ክንዳቸው ከግራው ለምን እንደሚወፍር በዚያ ቀን ታወቀ። ማረው ሁለት ቀን ሙሉ ዘመኑን አላናገረውም። በሦስተኛው ቀን ሲሚንቶ ጨመረ፤ ቀነሰም።

ሆኖም ከጎረምሶቹ አንዱ «ግማሽ» መባሉን በሆዱ ይዞ ኖሯል። በግንቦት አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «ጋሸ ዘመኑ የእኛን ግማሽ ይላል፤ የራሱ ክብረ ወሰን ግን ከወንበር መነሳት ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘመኑም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ማረውም ጎረምሶቹም በሌሉበት፣ ብቻውን ብረት ቤት ገባ። በጀርባው ተኝቶ አርባ ኪሎ ሊገፋ ነው። የዕረፍት ደወሉን በአንድ አንድ ደቂቃ ሞልቶ ስልኩን አግዳሚው ሥር አኖረና ብረቱን ከመስቀያው አወረደ።

መውረዱን በሚገባ ወረደ። መውጣቱ ነው የቀረ። አርባ ኪሎ ደረቱ ላይ ተቀመጠና አልነቃነቅ አለ። ዘመኑ መጮኽ ፈለገ፤ ለመጮኽ የሚሆን አየር አጣ። ከደቂቃ በኋላ ስልኩ «ዕረፍትህ አልቋል፣ ቀጣዩን ዙር ጀምር» ለማለት ደወለ። ከሌላ ደቂቃ በኋላም ደወለ። ጠቅላላ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ።

በግድግዳው ማዶ ታይቱ ቆሎዋን እየቆረጠመች ነበር። «እንዴ! የማን ስልክ ነው? አያነሱትም?» ብላ ተነሳች። ልትቆጣ ገብታ ዘመኑን እንደ ብል ተጨፍልቆ አገኘችው። ቆሎውን በጉንጯ እንደያዘች ጎንበስ ብላ ብረቱን ከደረቱ ላይ ብድግ አደረገችው። ልታስቀምጠው ስትል ከታች ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እስከ ላይ አድርሽው።»

«ምን?»

«ክንድሽን ዘርጊው። ግማሽ አይመዘገብም።»

ታይቱ ቆሎውን ዋጠች። ከዚያ ብረቱን ከራሷ በላይ አድርጋ ክንዷን ዘረጋች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። «ይበቃሃል?» አለችው።

ዘመኑ ለሳምንት ያህል ሲተነፍስ ደረቱን እያመመው ኖረ። የወገቡን ነገር ግን ረስቶታል። ከሰኔ ሁለት ቀን ጀምሮ በየምሳ ሰዓቱ መፈልፈያው ደጃፍ ላይ ይገኛል። «ጆንያ ማንሳት፣ ሃምሳ ኪሎ» የሚል አዲስ ዓይነት ከፍቷል። ታይቱ ታነሳለች፤ እሱ ይነካል። ማታ የቀኑን ድምር ሲያስገባ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እንዲህ ዓይነት ቁጥር አይቶ አያውቅማ! ዘመኑ «አዎ» የሚለውን ይጫናል። የታይቱ መስመር በስልኩ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ከገጹ ስለወጣ፣ የሌሎቹ ሁሉ መስመር ከታች ተጋድሞ የሞተ እባብ መሰለ። ጎረምሶቹ ያንን ካዩ በኋላ በመፈልፈያው በር ሲያልፉ ሰላምታቸው ረዘመ።

አንድ ቀን ታይቱ ጆንያውን አስቀመጠችና ወገቧን ያዘች።

«ሰውየ፣ ጆንያውን ሁሉ ትቆጥራለህ። ስሜን ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«ታይቱ በላቸው። ከሰኔ ሁለት ጀምሮ ተመዝግበሻል።»

«ይኸን ሁሉ መዝግበህ ምን ልታደርገው ነው?»

«ቢፈለግስ?»

«የፈለገ ሰው ካለማ» አለች ታይቱ ጆንያዋን መልሳ እያነሳች፣ «አባቴ ፎገራ ነው ያለ። ሽማግሌ ይላክ።»

ዘመኑ ይህን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀበት። ነገሩን ያስረዳችው ማህደር ናት።

ከሐምሌ አቦ ማግስት ማረውና ሁለት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሽማግሌ ሆነው ርብ ወንዝ አካባቢ ወዳለው የአያ በላቸው ቤት ሄዱ። አያ በላቸው አጭር፣ ደንዳና፣ በንግግሩ መሐል ረጅም ጊዜ ዝም የሚል ገበሬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«መዝገብ ቤት ነው፣ አያ በላቸው። ይመዘግባል» አለ ማረው።

«ምን?»

«የመጣውን ሁሉ።»

አያ በላቸው የማረውን ትከሻ አየ። ከዚያ «ክንዱስ?» አለ።

ማረው አብረውት ወደ ቆሙት ዞረ። ውሸት መናገር ነውር ነው፤ እውነት መናገርም ጓደኛን መጉዳት ነው። «ስፖርት ይሠራል» አለ።

«እንዲያ ከሆነማ ቅዳሜ ይምጣ። ሩዙን አረም ውጦታል። አይቸው መልስ እሰጣችኋለሁ።»

ቅዳሜ ጧት ዘመኑ ከአስፋልቱ በባጃጅ እስከሚቻለው ተጉዞ፣ ከዚያ ጫማውን በእጁ ይዞ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በጭቃው ገባ። ሜዳው ሁሉ ውኃ ነው፤ ሰማዩ ከላይም ከታችም አለ። አያ በላቸው በአንገቱ ሰላም አለው፤ ማሳውን በእጁ አሳየው። ታይቱም ቤተሰቧን ለማገዝ ከወረታ መጥታ ነበርና ከወንድሞቿ ጋር ጎንበስ ብላ ታርማለች።

ዘመኑ ኮቱን ድንበሩ ላይ አስቀመጠና ስልኩን አወጣ። «አረም መንቀል» የሚል አዲስ ዓይነት ከፈተ። አንድ አረም ይነቅላል፤ አውራ ጣቱን በሸሚዙ ይጠርጋል፤ ስልኩን ይነካል። ሌላ ይነቅላል፤ ይጠርጋል፤ ይነካል።

አያ በላቸው ቀና አለ። «ይኸ ሰውየ ምን እያደረገ ነው?»

«እየቆጠረ ነው፣ አባባ» አለች ታይቱ።

«አረሙን?»

«እንዴታ።»

«ለማን ሊነግር?»

ረፋድ ላይ ዘመኑ አርባ አንድ አረም ነቅሎ ነበር። ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ ስልኩን ከኮቱ ላይ አኖረ። ጠጥቶ ሲመለስ ኮቱ አለ፤ ስልኩ የለም። ኮቱን አራገፈ፤ ኪሱን ገለበጠ፤ ድንበሩን በእጁ ዳበሰ። የለም። ተንሸራቶ ማሳው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ዘመኑ ፊቱ አመድ መሰለ። የብረት ቤቱ ወጣቶች መዝገብ፣ የታይቱ ጆንያዎች፣ ስልሳ ምናምን የስፖርት ዓይነት፣ ሁሉም ጭቃ ውስጥ ነው። መጀመሪያ እጁን በዘፈቀደ ሰደደ። ወዲያው ግን አሥር ዓመት የኖረበት ሙያ መጣለት፤ የጠፋ ፋይል በዘፈቀደ አይፈለግም። ከአጥሩ ሸንበቆ ቆርጦ ማሳውን በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ከፋፈለና ከመጀመሪያው ጀመረ።

አረሙ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አያሳይም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ከነሥሩ ነቀለ። ስልኩ ከሥሩ ተጠላልፎ እንደሆነ ብሎ እያንዳንዱን አራገፈ። ሁለት ጊዜ እንዳይፈትሸው ከማሳው አውጥቶ ድንበሩ ላይ ከመረ። ሩዙን አልረገጠም፤ ከሩዙ ሥር ስልኩ ቢኖርስ? አንድ አራት ማዕዘን ሲጨርስ ሸንበቆውን ያነሳል፤ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ምሳ ሲጠራ አልሰማም። ዝናብ መጣ፤ ሄደ። ዘመኑ አልተቃናም።

ከታይቱ ወንድሞች አንዱ ሊያግዘው ሲገባ አያ በላቸው እጁን ያዘው።

«ተወው።»

«ስልኩ ጠፍቶበት እኮ ነው፣ አባባ።»

«ሰምቻለሁ። ተወው፣ አታደናግረው።»

አያ በላቸው ጋቢውን ተከናንቦ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክረምት ሥራ ሳይሠራ የዋለው በዚያ ቀን ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳው እንደ ተበጠረ ጠጉር ሆኖ ነበር፤ አንዲት አረም የለችም። ዘመኑ እስከ አንገቱ ጭቃ ሆኖ፣ ባዶ እጁን መሐል ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል።

አያ በላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጀ፣ እዚያች ጥግስ አይተሃል?»

ዘመኑ ወደ ጥጓ ሄደ፤ ነቀለ። እዚያም የለም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ሲመጡ አያ በላቸው ብዙ አላስጠበቃቸውም። «ሩዝ እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ እንዲህ ያለ አራሚ አላየሁም» አለ። «ልጅቱን ጠይቄያለሁ፤ እሽ ብላለች። እኔም እሽ ብያለሁ። ማሳየ ሦስት ናቸው በሉት።»

በዋዜማው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግን፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ታይቱ ዘመኑን እስከ ባጃጁ ሸኝታው ነበር። አስፋልቱ ሊታይ ሲል ታይቱ መቀነቷን ፈታ አደረገችና ስልኩን አውጥታ ሰጠችው። ደረቅ ነው፤ ንጹሕ ነው።

ዘመኑ ስልኩን ገለባብጦ አየ። «የት አገኘሽው?»

«ከኮትህ ላይ። ላም እንዳይረግጠው ብየ አነሳሁት።»

«መቼ?»

«ረፋድ ላይ።»

«ረፋድ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስመጣ አባባ ይስቅ ነበር» አለች። «ድምፅ አውጥቶ አይስቅም፤ ጋቢው ነው የሚነቃነቀው። ሲነቃነቅ ሳይ ነገሩ እንዳለቀ አወቅሁ።»

ዘመኑ ስልኩን ከፈተ። አርባ አንድ አረም ይላል። ጭቃ የደረቀበት ግንባሩ ተሰነጠቀ። «ታይቱ፣ ከዚያ በኋላ የነቀልሁት እኮ አልተቆጠረም!»

«ገምተህ ጻፈዋ።»

«ግምት?» አለ ዘመኑ፤ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው።

በጥር ተጋቡ። ማረው ሚዜ ሆነ። ጎረምሶቹ ዳሱን ሲተክሉ ታይቱ ምሰሶውን ተቀብላ «ወዲህ በሉት» እንዳትል ዘመዶቿ ክፍሏ ውስጥ ዘግተውባት ዋሉ። ማህደር እስክስታ እወርዳለሁ ብላ ወገቧን ቀጨት አደረጋት። ሙሽሮቹ ለሦስት ቀን ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሲሄዱ ታይቱ ስልኩ ቤት እንዲቀር አደረገች። ዘመኑ እሽ አለ፤ ስንት ጊዜ እንደተነከሩ ግን በጣቱ ሲቆጥር ይዛዋለች።

በዓመቱ፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣ አንድ የፎገራ ሰው ወደ ዘመኑ ቢሮ መጣና የአያ በላቸውን መልእክት አደረሰ። «አማትህ ‘ስልክ ጠፍቶብኛል፤ በዚያ በታችኛው ማሳ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ቶሎ መጥተህ ፈልግልኝ’ ብለውሃል» አለው።

አያ በላቸው በዕድሜው ስልክ ኖሮት አያውቅም። ዘመኑ ይህን በደንብ ያውቃል። ትንሽ አሰበና የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ አወጣ። አምስት ቀን ሞላ። «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ «የጠፋ ስልክ ፍለጋ» ብሎ ጻፈ። ኃላፊው አንብቦ ቀና ብሎ አየውና ፈረመለት።